ወደ ዴልፍስሃቨን፣ ወደ በረዶው ፊት ለፊት

ቅዳሜ ጠዋት፣ አምስተልቨን

ከዚህ ጉዳይ በፊት ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ አላውቅም ነበር። ሽማግሌ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጋቢውን ደርቦ ጉሮሮውን የሚጠራርግ ወንድ ነው፤ እኔ ደግሞ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆንኩ፣ ሃምሳን የተሻገርኩ ሴት ነኝ። ነገር ግን ሽማግሌ የላከን ጓደኛችን ብሩክ በዚህ አገር ዘመድ የለውም። ያለነው እኛ ነን፤ በኔዘርላንድ ከተሞች ተበታትነን በስልክ የምንገናኝ፣ ሰማይ ማየት የምንወድ ጥቂት ኢትዮጵያውያን። አንዱ በረንዳው ላይ የዝናብ መለኪያ ተክሏል፤ አንዱ የአየር ግፊት ሲወርድ እህል አይወርድለትም፤ እኔም ጣውላ ነጭ ቀለም ቀብቼ፣ የበረዶ መለኪያ አድርጌ ከአበባዎቼ መካከል አስቀምጫለሁ። የሚሰማ ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔ በጓደኞቼ እኮራለሁ።

ያን ቅዳሜ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ገጠመን። አንደኛው፣ ለዓመታት ስንጠብቀው የኖርነው የበረዶ ውሽንፍር ከደቡብ በኩል እየመጣ ነበር። እዚህ አገር እውነተኛ በረዶ ብርቅ ነው፤ መጣ ሲባልም ብዙ ጊዜ ግማሹ ዝናብ ሆኖ መንገዱን አጨማልቆት ይሄዳል። ይኼኛው ግን የምሥራቅ ነፋስ ይዞ፣ ብርዱን አስቀድሞ ነው የሚመጣው። ሳምንቱን ሙሉ ስልኬ ሲንጫጫ ሰነበተ። ሁለተኛው፣ በዚያው ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ሰፈር፣ አቶ ወርቁ ቤት ቀጠሮ ነበረን። ልጃቸውን ሜሮንን ለብሩክ ልንጠይቅ ነው።

ቀጠሮው የዋዛ አልነበረም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጋሽ ጌታሁን ከሚባሉ የቡድናችን አዛውንት ጋር ሄደን፣ አቶ ወርቁ አቁመው ሰምተውን ነበር። “ልጁ ሥራ አለው፣ ጨዋ ነው ይሉኛል” አሉ። “ግን ነገ ይዘንባል፣ ነገ ይበርዳል እያለ ነጋ ጠባ ስለ ነገ የሚያወራ ነው አሉ። እኔ ስለ ነገ የሚያወራ ሰው አላምንም። የስደተኞች መጠለያ ሳለሁ ነገ ወረቀትህ ይመጣል፣ ነገ ቤት ታገኛለህ እያሉ አራት ዓመት አኑረውኛል። ነገ የእግዚአብሔር ናት።” ከዚያም ሽማግሌ ሁለት ሆኖ እንደማይመጣ፣ በዚህ ቅዳሜ ሦስት ሆነን ብንመጣ ቁርጡን እንደሚነግሩን አስታወቁን። ሰኞ ለወራት ወደ አገር ቤት ስለሚሄዱ ሌላ ቀን የለም። ሜሮን ደግሞ ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም ብላለች። የብሩክ ትዳር በዚያች ቅዳሜ ላይ ተንጠለጠለ።

ነጠላዬን አጣጥፌ በቦርሳ ያዝኩ፤ ወፍራም ካፖርትና የበረዶ ጫማ አደረግሁ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ነጩን ጣውላ ጠረግሁት። በረዶው እዚህ ሲደርስ ቤት አለመኖሬ ቅር ብሎኛል፤ አልዋሽም። ስወጣ ሆላንዳዊቷ ጎረቤቴ በረዶ እንዳይጋገር ደጃፏ ላይ ጨው ትበትን ነበር።

“በዚህ ቀን ወዴት ነው? የአየሩ ማስጠንቀቂያ፣ ኮድ ኦራንየ መታወጁን አልሰማሽም?”

“ሰምቻለሁ። ወደ እሱ ነው የምሄደው።”

ጨውዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ትራሙ ዳቦና ወተት በተሸከሙ ሰዎች ተሞልቷል። እዚህ አገር በረዶ ሲባል ሰው ሁሉ ዳቦ ይገዛል፤ በበነጋው ሲቀልጥ ዳቦው ለዳክዬ ይሆናል። ዛውድ ባቡር ጣቢያ ስደርስ ከሰሌዳው ግማሹ የተሰረዘ ባቡር ነው። የዴን ሃጉ ግን ነበረ፤ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ከስኪፕሆል አውሮፕላን ማረፊያ አልፈን ሜዳው ሲገለጥ በቦዮቹ ላይ ስስ በረዶ ጋግሮ፣ ዝይዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ተኝተዋል። ሰማዩ ገና ጥርት ያለ ነው። ትኬት ተቆጣጣሪዋ ከምሽት በኋላ ባቡር እንደማይኖር በድምፅ ማጉያ ተናገረች። ራዲዮውም ሲል የነበረው ይህንኑ ነው፤ በረዶው ማታ ይገባል።

ዴን ሃግ

ጋሽ ጌታሁን ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው የጣቢያው በር ላይ ጠበቁኝ። ሰባን አልፈዋል፤ በአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የሱፉ የደረት ኪስ ውስጥ፣ ሌላ ሰው መሀረብ በሚያስቀምጥበት፣ ቴርሞሜትር ይዘዋል።

“የአየር ግፊቱን አይተሻል?” አሉኝ፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። “ቁልቁል ነው የሚወርደው።”

ቆመን ሳለን ስልካቸው ጮኸ። ሦስተኛው ሽማግሌያችን ተፈራ ከኡትሬክት ነው። በሱ በኩል ባቡር ቆሟል፤ መኪናውም የክረምት ጎማ የላትም። “ጌታሁን፣ አፈርኩ፣ ምን ልሁን” ሲል ለእኔም ተሰማኝ። ጋሽ ጌታሁን ስልኩን ዘግተው ኪሳቸው ከተቱት። አቶ ወርቁ ሦስት ብለዋል፤ እኛ ሁለት ነን።

ብሩክ ሊሸኘን መጣ። ሙሽራው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ቤቱ ሆኖ ቁርጡን ይጠብቃል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማያበዛ ልጅ ነው፤ በአንድ የመርከብ ጭነት ቢሮ ይሠራል። የተፈራን መቅረት ስንነግረው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን አላማረረም። ሾርባ ልጋብዛችሁ ብሎ ወደ ጣቢያው ምግብ ቤት ወሰደን፤ ኤርተንሱፕ የሚሉት ወፍራም የአተር ሾርባ ከጥቁር ዳቦ ጋር፣ አንዱ ሰባት ዩሮ ተኩል። ጋሽ ጌታሁን የአሳማ ቋሊማው እንዲወጣላቸው ጠየቁ።

“ያለ ቋሊማው እኮ አተር ብቻ ነው” አለ ሻጩ።

“አተር ብቻውን መቼ አነሰ” አሉት።

ሾርባው ሲቀርብ ብሩክ ስልኩን አውጥቶ የራዳሩን ምስል አሳየን። ሁላችንም ማታ ስንል ከሐሙስ ጀምሮ አልስማማም ያለው እሱ ብቻ ነው።

“ዴልፍስሃቨን በዘጠኝና በአስር ሰዓት መካከል ይደርሳል” አለ። “ልሳሳት እችላለሁ። ከአሥር ስድስቱን ያህል ነው የማምነው።”

“ማታ ነው” አሉ ጋሽ ጌታሁን። “እኔ ይህን ሰማይ ካንተ ዕድሜ በላይ አውቀዋለሁ።”

“ማታም ሊሆን ይችላል፣ ጋሼ።”

ስለ ብሩክ የምወደው ይህንን ነው። ሲስት “ተሳስቼ ነበር፣ ምክንያቱም ይህ ነው” ብሎ በቡድናችን ፊት ይጽፋል፤ ሲያገኝ ግን ዝም ይላል። እኛ የቀረነው ሲሳካልን ለሳምንት እናወራዋለን።

“ስለ አቶ ወርቁስ ትንበያህ ምንድን ነው?” አልኩት።

“ለእሳቸው ራዳር የለኝም፣ እትዬ ጽጌ።” ሳቀ፤ ማንኪያውን ግን ሾርባው ውስጥ ትቶት ነበር።

ሜትሮ ውስጥ

ከዴን ሃግ ወደ ሮተርዳም በሜትሮ ሄድን፤ ባቡሩ ቢቆም እንኳ ሜትሮው ይሄዳል ብለን። እውነትም ሄደ። ውሽንፍሩ ከደቡብ ስለሚመጣ ሮተርዳም ከሁላችንም በፊት ያገኘዋል። “ይህ ልጅ ሚስት የመረጠው በሰፈሯ አቀማመጥ ነው” አሉ ጋሽ ጌታሁን። ፊት ለፊታችን አንድ አባት ከሴት ልጁ ጋር የእንጨት መንሸራተቻ አቅፎ ተቀምጦ ነበር፤ መሬቱ ገና ደረቅ ነው። ልጅቷ በየጣቢያው “አሁንስ መጣ?” ትለዋለች። ከእኔ የባሰች አገኘሁ ብዬ ተጽናናሁ።

ጋሽ ጌታሁን ንግግራቸውን በሹክሹክታ ያጠኑ ጀመር። “ልጅዎን ለልጃችን ብለን፣ ከደጅዎ ቆመናል፤ እንደ ቤትዎ ክብር...” ይሉና ወደ መስኮቱ ዞረው ደመናውን ያያሉ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ይደግማሉ። ፒናከር ጣቢያ ላይ አንድ ጠና ያለ ጠይም ሰው ገባ። አተኩረው አዩት።

“ሐበሻ አይመስልሽም? ሦስተኛ እንዲሆነን ብንለምነው?”

“ጋሽ ጌታሁን፣ ሽማግሌ ከመንገድ አይለቀምም።”

“ካንቺ ጋር መሄድ ችግር ነው” አሉና ሰውየውን እስኪወርድ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት።

ሜትሮው ከመሬት በታች ወዳለው ዋሻ ከመግባቱ በፊት ደቡቡን አየሁት። ከአድማሱ ላይ ግራጫ ነገር ተነሥቷል፤ ከሥሩ ቢጫ ያለበት። ጋሽ ጌታሁንም አዩት። ማታ ነው ያሉትን አልደገሙም።

ዴልፍስሃቨን

ቤርስ ጣቢያ ላይ መስመር ቀይረን ዴልፍስሃቨን ወጣን። በአሮጌው ወደብ ጀልባዎቹ ገመዳቸውን እየጎተቱ ይንቋቋሉ፤ የቱርኩ ዳቦ ቤት በረንዳ ላይ ያወጣቸውን ወንበሮች ያስገባል። ድልድዩ ላይ ቆምን። ከዚያ የተሻለ ቦታ በአገሩ ሁሉ አልነበረም፤ ነፋሱ በጆሯችን ያፏጫል፣ ደመናው ጣሪያዎቹን እየዋጠ ይመጣል። ለዓመታት የጠበቅሁት ነገር እዚያው ሊደርስልኝ ነው። መሄድ አቃተኝ።

“ጽጌ” አሉ ጋሽ ጌታሁን፣ ራሳቸውም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። “የተላክነው ለሰው ነው።”

ሄድን። ነጠላዬን ደረጃው ሥር አጣፋሁ። ደረጃው እንደ ሆላንድ ደረጃ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ሁለታችንም ትንፋሽ አጥሮን ነበር። ሜሮን በሩን ከፈተችልን፤ እጇ ቀዝቅዟል። አቶ ወርቁ ሳሎን ውስጥ ቆመዋል።

“ሦስት ናችሁ?”

“ሁለት ነን። ሦስተኛው ባቡር ቆሞበት ኡትሬክት ቀረ” አሉ ጋሽ ጌታሁን።

“ሁለት” አሉ አቶ ወርቁ። “ለነገሩ ዘውዴም አልመጣች። እናቷ በሌለችበት ምንም አልጀምርም” ብለው ተቀመጡ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ በብስክሌት ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያንን የሚንከባከቡ ናቸው። ግማሾቹ ሕሙማን ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ ሁልጊዜ ቅዳሜ ማዶዎቹን በመጨረሻ አዳርሰው፣ በትልቁ ድልድይ ነው የሚመለሱት። ስልካቸው አይነሣም። ሜሮን ደጋግማ ሞከረች። እኛ እንደ ወጉ ቆመናል፤ ሽማግሌ ቁጭ በሉ ሳይባል አይቀመጥም፤ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። መስኮቱ በስተቀኜ ነው። አላይም ብዬ ምንጣፉ ላይ አፈጠጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ።

በዓይኔ ጥግ አንዲት ነጭ ነገር አለፈች። ከዚያ ሌላ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ግንባሬን መስተዋቱ ላይ አስደግፌ ነው። ጋሽ ጌታሁን ቀድመውኝ ነበር፤ ቴርሞሜትራቸውን አውጥተው መስኮቱን በትንሹ ከፍተዋል። በረዶው ደቃቅና ደረቅ ነው፤ እንደ ዱቄት በነፋስ ወደ ጎን ይነዳል፤ ከማዶ ያለው ሕንፃ በአፍታ ተሰወረ። “ደረቅ ነው፣ ጽጌ፣ ደረቅ ነው” ይላሉ፤ እኔም “አያለሁ፣ አያለሁ” እላለሁ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ልጅ ሊጠይቁ የተላኩ፣ እንደ ሜትሮዋ ልጅ ሆነን ቀረን።

ነገሩ ሲገባኝ ደነገጥኩ። አበላሸነው ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ዞርኩ። አቶ ወርቁ ግን ወንበራቸው ላይ አልነበሩም። አጠገባችን ቆመዋል፤ እኛ ወደ ላይ ስናይ እሳቸው ወደ ታች፣ ወደ መንገዱ ያያሉ።

“የት ሆና ይሆን?” አሉ፤ ለእኛ አልነበረም።

ደስታዬ ከላዬ ላይ ወረደ። ትልቁን ድልድይ አውቀዋለሁ፤ ነፋስ በዚያ ላይ ሰው ይጥላል። ስንቱን ዓመት የለመንኩት በረዶ በሰው ሚስት ላይ እየወረደ ነው። ጋሽ ጌታሁን ቴርሞሜትሩን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱት። ሦስታችንም ወደ ታች ማየት ጀመርን። አንድ ሰው ከበረዶው ውስጥ ይወጣል፤ እሳቸው አይደሉም። ደግሞ ሌላ ይወጣል። አቶ ወርቁ ሰው በታየ ቁጥር ወደፊት ይጎነበሳሉ፤ መስተዋቱ በትንፋሻቸው ይጋረዳል፤ በእጅጌያቸው ይጠርጉታል።

“ፓፓ፣ ዳር ኢስ ማማ” አለች ሜሮን፣ እማማ ያቻት ስትል በሆላንድኛ፤ ከሁላችንም ቀድማ አየቻቸው። “ተመልከት፣ በዳቦ ቤቱ በኩል።”

ብስክሌታቸውን እየገፉ ነበር። ደረጃውን ሲወጡ ሰማን፤ በሩ ላይ ሲቆሙ ሻርፓቸው ነጭ ሆኗል።

“እዚሁ ወደቡ ጋ ስደርስ ጀመረኝ” አሉ ጓንታቸውን እያወለቁ። “እንግዶቹን ለምን አቆምካቸው?”

“ድልድዩ ላይ ነሽ ብዬ እኮ ነው” አሉ አቶ ወርቁ። “ማዶዎቹን በመጨረሻ አይደል የምትሄጂው?”

“ዛሬ አስቀድሜ ጨረስኳቸው። ያ ብሩክ የሚሉት ልጅ ሐሙስ ዕለት በሜሮን በኩል ላከብኝ፤ ማዶዎቹን ጠዋት ያዳርሱ፣ ከዘጠኝ በኋላ ድልድዩ ላይ አይገኙ ብሎ። ሥራ ቦታ ማታ ነው ብለው ሳቁብኝ፤ ለሜሮንም እንደማደርገው አልነገርኳትም።”

“እርግጠኛ ነኝ አለሽ?”

“የለም። ልሳሳት እችላለሁ፤ ብሳሳት የሚቀርብዎት የጠዋት እንቅልፍ ነው አለ።”

ይህን እኛም አልሰማንም ነበር። ብሩክ ከሜሮን በቀር ለማንም አልነገረም። በልጁ ኮራሁ።

አቶ ወርቁ ወንበራቸው ጋ ተመለሱ፤ ግን አልተቀመጡም።

“ለእኔ ነገ እያሉ ያኖሩኝ ሰዎች” አሉ፣ “አንድ ቀን እንኳ ልንሳሳት እንችላለን አላሉኝም።”

ሁለታችንን አዩን፤ መስኮቱን አዩ፤ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ነጭ ብቻ ነው።

“ሦስት ሆናችሁ ኑ ብዬ ነበር። ሦስተኛውም ይኸው በመስኮቱ መጥቷል። ቁጭ በሉ።”

ሜሮን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጋሽ ጌታሁን ቆመው ቀሩ። “ንግግሬስ?” አሉ። “ከዴን ሃግ ጀምሮ አጥንቼዋለሁ።”

“ተቀምጠው ይናገሩት” አሉ እትዬ ዘውዴ።

ተቀምጠው ተናገሩት፤ አንድ ቃል አልቀነሱም። ከዚያ ለብሩክ ደወልንና ስልኩን ጠረጴዛው መሀል አደረግነው። ጋሽ ጌታሁን “ተፈቅዷል፣ ልጄ” አሉት። ከወዲያ በኩል አፍንጫውን ሲጠራርግ ተሰማ፤ ያለቀሰ ይመስለኛል። በመጨረሻ ያገኘው ቃል “በስንት ሰዓት ጀመረ?” የሚል ሆነ። አቶ ወርቁ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እሑድ፣ የመልስ ጉዞ

እዚያው አደርን፤ መሄጃ አልነበረም። እራታችን እንደገና የአተር ሾርባ ሆነ፤ የእትዬ ዘውዴው ግን በርበሬ ነበረበት፤ ጋሽ ጌታሁን ሁለቴ አስጨመሩ። ጠዋት ውሽንፍሩ ወደ ሰሜን አልፎ ፀሐይ ወጣ። ዴልፍስሃቨን ድምፅ የለውም፤ ጀልባዎቹ ላይ በረዶው ተቆልሏል። የትናንቷ ልጅ በየትኛው ዳገት ላይ እየተንሸራተተች ይሆን ብዬ አሰብኳት፤ ዳገት በሌለበት አገር።

ሜትሮው ቀስ እያለ ዴን ሃግ አደረሰን። ብሩክ ጣቢያው ላይ ጠበቀን፤ ጋሽ ጌታሁንን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ወደ ላይ ጎትተው አቀፉት። “ማታ ነው ብዬህ ነበር” አሉት፤ ይህ በእሳቸው ቋንቋ ተሸነፍኩ ማለት ነው። እሳቸውን እዚያው ትቼ ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንድ ባቡር አገኘሁ። ዛውድ ስደርስ ትራም የለም። ወደ አምስተልቨን በእግሬ ሄድኩ፤ መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ይራመዳል፣ የማይተዋወቀውም ሰላም ይባባላል። እግሬ ረጥቧል፤ ጎኔን ያመኛል፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጎረቤቴ ደጃፏን በአካፋ ትጠርግ ነበር። “አገኘሽው?” አለችኝ። አገኘሁት አልኳት።

በረንዳዬ ላይ ነጩ ጣውላ ተቀብሯል። ማስመሪያዬን አስገብቼ ለካሁና ለቡድኑ ላክሁ፤ አምስተልቨን ላይ እስከ ዛሬ ከለካሁት ሁሉ ይበልጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁጥሩ ሳምንት ያስወራኝ ነበር። አሁን ዓይኔ ላይ የቀረው ሌላ ነው፤ ሦስት ሽማግሌ ፊቶች አንድ መስኮት ላይ፣ ከታች ያለችውን ሴት ሲጠብቁ። ሰማይ የምናየው ከሥሩ ሰው ስላለ ነው። ይህን ለማወቅ ዴልፍስሃቨን መሄድ ነበረብኝ። እንደ እኛ፣ እንደተላክነው ሽማግሌዎች፣ በልጁ የኮራ ሰው ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ጫማዬን ሳወልቅ ስልኬ ጮኸ። ሜሮን ናት፤ ሹክ እያለች ነው የምታወራው። አባቷ ሻንጣቸውን ዘግተው በረንዳ ላይ ወጥተው ሰማዩን ሲያዩ ቆይተው፣ ተመልሰው የብሩክን ቁጥር እንድትሰጣቸው ጠይቀዋታል። ራሳቸው ደወሉለት። እሷ በሩ ኋላ ሆና ሰምታለች። ስለ ሠርጉ ነው ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ሰላምታውን አሳጥረው ልጁን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

“ነገስ እንዴት ይውላል?”